ምላጭ ስይዝ እጄ ይርዳል

ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ ነው የማነበው፣ እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 29 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የወንዶች ፀጉር ቤት ከፍተን እየሠራን ነው፣ ሥራውን ከ17 ዓመቴ ጀምሮ ነው የማውቀው፣ ሰፈሩ ገና ሰው ሳይሞላበት ነው የገባነው አሁን ግን ቅዳሜና እሁድ ወረፋ አለ እግዚአብሔር ይመስገን።

ችግሬ እጄ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ መጀመሪያ ቀኙን ነበር ልብ ያልኩት አሁን ግራውም እንደዛው ነው፣ የሆነ ነገር ስይዝ ይንቀጠቀጣል። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ኳስ ሳይ ምንም የለም፣ ልክ ሲኒ ላነሳ ስል ይጀምራል፣ ሲኒው ከሳህኑ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ሥራ ላይ ቶንዶስ ስይዝ ማሽኑ ራሱ ስለሚርገበገብ ማንም አያውቅብኝም፣ ጉዱ ምላጭ ላይ ነው፣ ሼፕ ሳወጣና ጺም ስላጭ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ጺማቸውን እየላጨኋቸው ግማሽ ላይ ስደርስ በመስታወቱ እጄን አዩት። ምንም አልተናገሩም፣ "ልጄ ይበቃኛል" ብለው ፎጣውን ከአንገታቸው ፈቱ፣ ሂሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ተራ እየጠበቁ ነበር። በዛች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የማፍርበትን ልንገርሽ። አምና አንድ ሠርግ ላይ ሁለት ቢራ ስጠጣ እጄ ቀጥ አለልኝ፣ ማመን አቃተኝ። ከዛ በኋላ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት አንድ መለኪያ አረቄ ብዬ ጀመርኩ፣ አሁን ሁለት ሆኗል፣ ቅዳሜ ሥራ ሲበዛ ሦስት። ማስቲካ እያኘኩ ነው የምገባው። ሳልጠጣ የዋልኩ ቀን ከበፊቱም ይብስብኛል።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና እንደዚሁ ነበር። ኩባያ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው፣ ሀገር ቤት ሰፈሩ ሁሉ "ሰካራሙ" ነበር የሚለው፣ እኔም ልጅ ሆኜ አፍርበት ነበር። ለእናቴ ስነግራት "ያባትህ ነው የወረደብህ፣ ፀበል ግባ" አለችኝ። ጓደኛዬ ደሞ ፋርማሲ የሚሠራ ዘመድ አለው፣ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ኪኒን ላምጣልህ በአንዴ ቀጥ ያደርገዋል ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ፣ ብርድ ሲሆን ፓፍ እጠቀማለሁ፣ ከኪኒኑ ጋር ይጋጭ አይጋጭ አላውቅም። ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ፓርኪንሰን ይላል፣ ነርቭ የሚገድል በሽታ ይላል፣ ሰሞኑን የዓይኔ ቆብም ይርገበገባል፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል እግሬ ዘሎ ያባንነኛል፣ አለቀልኝ እላለሁ።

እጮኛ አለችኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው። አፌ አረቄ ሲሸታት ሁለቴ ጠይቃኝ ሁለቴም ዋሽቻታለሁ። ልንገራት ወይስ እስከ ሠርጉ ደብቄው ልቆይ? ሥራውንስ ልተወው? ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

እጁ የሚርደው፣ ከቱሉ ዲምቱ

* * *

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ቆም ያልኩት የት ጋ እንደሆነ ልንገርህ፣ "ሂሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ" የምትለው ጋ ነው። ግማሽ ጺም ተላጭቶ ሂሳብ ከፍሎ የሚወጣ ሰው የናቀህ አይመስለኝም። ሰውዬው ለጉሮሯቸው ፈርተዋል፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ማንም ይፈራል፣ ግን አንተንም በሰው ፊት ማሳፈር አልፈለጉም። አንተ ያን ዝምታ ይዘህ ቤት ገባህና ሌሊቱን ሙሉ በራስህ ላይ ስትፈርድ አደርክ። እስቲ ፍርዱን ትንሽ እናቆየውና እጅህን እንየው።

እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ይሄን መቼም ታውቃለህ። ስለዚ ስምህም ሰፈርህም ሳይነሳ ደብዳቤህን ለአንድ የማውቃቸው የነርቭ ሀኪም አነበብኩላቸው። አባትህ ጋ ስደርስ "ቆይ እሱን ድገሚልኝ" አሉ። ከዛ ሳያዩ ምንም ማለት እንደማይችሉ ደጋግመው ነገሩኝና እንዲህ አሉኝ፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ያህል ይንቀጠቀጣል" ብዬ አይደለም፣ "መቼ ነው" ብዬ ነው። እጁ አርፎ ሳለ ነው ወይስ ሥራ ሲይዝ? አንተ ሳትጠየቅ መልሰኸዋል፣ ኳስ ስታይ የለም ሲኒ ስታነሳ ይመጣል ብለሃል።

መንቀጥቀጥ ብቻውን በሽታ አይደለም። አሁን እጅህን ዘርጋና ጣቶችህ ላይ አንድ ቀጭን ወረቀት አድርግ፣ የጓደኛህም እጅ ላይ እንደዛው፣ የሁለታችሁም ወረቀት ጠርዙ ሲርገበገብ ታያለህ። የጤነኛ ሰው እጅ በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፣ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው የማይታየን። ይሄ ሁላችንም ላይ ያለው ነገር ደሞ ጎላ ብሎ የሚወጣባቸው ቀናት አሉ፣ እንቅልፍ ያጣን ቀን፣ የፈራን ቀን፣ በባዶ ሆድ ሦስት ሲኒ ቡና የጠጣን ቀን፣ ትኩሳት ሲኖረን፣ ስኳራችን ሲወርድ (ከ70 በታች ሲሆን መንቀጥቀጡ ከላብና ከረሃብ ስሜት ጋር ይመጣል፣ በተለይ የስኳር መድሃኒት የሚወስድ ሰው ይሄን ያውቀዋል)። እኔ አማቶቼ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና ቅጂ የተባልኩ ቀን ከጀበናው ወደ ሲኒው ሳይሆን ወደ ረከቦቱ ነው የቀዳሁት፣ እስከዛሬ ይስቁብኛል። ያ ፍርሃት ነው፣ አለፈ። ያንተ ሁለት ዓመት የቆየና ሁለቱም እጅ ላይ ያለ ስለሆነ ግን ፍርሃት ብቻ ነው ብለን አንተወውም።

ፓርኪንሰንን ስለፈራህ እሱን ላስቀድም። እንግሊዛዊው ሀኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ የሚንቀጠቀጥ ሽባነት ብሎ ነበር የጠራው፣ ስሙ ራሱ ያስፈራል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ጎን ነው፣ እጅ አርፎ በተቀመጠበት ነው የሚመጣው፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ልክ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ይተሻሻሉ፣ ሰውዬው እጁን አንስቶ ዕቃ ሲይዝ ደሞ ይቀንሳል። ከሱ ጋር ዝግ ማለት አለ፣ ሰውነት ይገትራል፣ ሲራመድ አንዱ እጅ አይወዛወዝም፣ ጽሕፈት እያነሰ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ከዓመታት በፊት ማሽተት ያቅተዋል። መሐመድ አሊን በ1988 ዓ.ም. ክረምት አትላንታ ላይ ችቦውን ሲለኩስ ያየ ሰው አይረሳውም፣ ያው ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ያሸነፈችበት ኦሎምፒክ ነው፣ ያን ጊዜ አሊ በሽታው ከተነገረው 12 ዓመት ሆኖት ነበር። አንተ የጻፍከው ግን የዚህ ግልባጭ ይመስላል፣ ሲያርፍ የለም፣ ሲሠራ አለ፣ ሁለቱም እጅ ነው፣ ዕድሜህም ገና ነው። ምርመራው ያረጋግጠው እንጂ ማታ ማታ በዚህ ራስህን አትግደል።

ሀኪሙ "ድገሚልኝ" ያሉት ለምን መሰለህ። ኤሴንሻል ትሬመር የሚባል ነገር አለ፣ ከፓርኪንሰን እጅግ በጣም የሚበዛ ነው ግን ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ዕቃ ሲያዝ፣ ሲኒ ወደ አፍ ሲሄድ፣ ሲጻፍ ይመጣል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ጭንቅላትን ያወዛውዛል ድምፅንም ያንቀጠቅጣል። በዘር ይሄዳል፣ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቤተሰባቸው ውስጥ ሌላ ሰው አለ። በወጣትነትም ይጀምራል በሽምግልናም። አይገድልም፣ ከዕድሜ ጋር ቀስ እያለ ሊጨምር ይችላል። እና አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፣ ብዙዎቹ ላይ ትንሽ አልኮል ሲቀመስ ለጊዜው ይረጋጋል።

አሁን ወደ አባትህ ልመልስህ። ኩባያ በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው። ሰፈሩ ሰካራም ነው ብሎ ደመደመ፣ አንተም ልጅ ነበርክ፣ ያንኑ ሰምተህ አደግክ። ግን ሰፈሩ ነገሩን ገልብጦ አይቶት ቢሆንስ? እጁ የራደው ስለጠጣ ሳይሆን የጠጣው እጁ ስለራደ ቢሆንስ? አላውቅም፣ አባትህን አላየሁትም፣ ደሞ አረቄ ብቻውንም እጅ ያንቀጠቅጣል። እናትህ ግን ታውቃለች። ደውልላትና ሳትቸኩል ጠይቃት፣ ከመጠጣቱ በፊት ወጣት ሆኖ እጁ ይርድ ነበር ወይ? ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው ወይስ ሲበላ? አካሄዱ ተቀይሮ ነበር ወይ? አጎት፣ አክስት፣ አያትህ ላይስ ነበረ? ይሄ ለምርመራው ይጠቅማል፣ ሀኪሙ የሚጠይቅህ ይሄንኑ ነው። ላንተም ሌላ ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አስባለሁ፣ "አፍርበት ነበር" ብለህ ጽፈህ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር አልፈሃል፣ እኔ ግን አላለፈኝም።

በሙሉ ደብዳቤህ ውስጥ እኔን ያስፈራኝ እጅህ አይደለም። መለኪያው ነው።

አልቆጣህም። ሥራህ ሊሄድብህ ነው፣ አንድ የሚያቆመው ነገር አገኘህ፣ ያዝከው፣ ማንም ያደርገዋል። ግን ነገርዬው እንዴት እንደሚሠራ እየው፣ አልኮሉ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን የአንጎል ክፍል ለተወሰነ ሰዓት ያደነዝዝልሃል፣ ሲለቅህ መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፣ አንተም "ሳልጠጣ የዋልኩ ቀን ይብስብኛል" ብለህ ጽፈኸዋል። ስለዚ አንዱ መለኪያ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ ሦስት። ከጊዜ በኋላ ደሞ ሁለተኛ መንቀጥቀጥ ይጨመራል፣ ሰውነት አልኮሉን ለምዶ ሲያጣው የሚመጣው፣ እሱ የመጨረሻውን ከጠጣህ ከ6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው የሚነሳው፣ ከላብ፣ ከማቅለሽለሽ፣ ከልብ ምት ጋር። ያኔ የትኛው ያባትህ የትኛው የአረቄው እንደሆነ ሀኪምም ለመለየት ይቸገራል። እስቲ ለራስህ ብቻ መልስ፣ ጠዋት ስትነሳ ያልብሃል? ሳትጠጣ ቁርስ ይወርድልሃል? ማታስ ምን ያህል ትጠጣለህ፣ የጻፍክልኝ የጠዋቱን ብቻ ነው።

ይሄን የምጠይቅህ በምክንያት ነው። ደብዳቤዬን አንብበህ "በቃ ከነገ ጀምሮ ጠብ አላደርግም" ብለህ እንዳትነሳ፣ ወኔው ጥሩ ነው ግን ብዙ ለሚጠጣ ሰው በአንዴ ማቆም አደጋ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጥ ይችላል፣ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ገደማ ደሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ፣ ይሄ ሆስፒታል የሚያስተኛ ነው። ያንተ መጠን እዛ ደረጃ ላይደርስ ይችላል፣ ግን ልክ ስንት እንደምትጠጣ ቁጥሩን ለሀኪሙ ንገረውና እንዴት እንደምትቀንስ እሱ ያውጣልህ። ቁጥሩን ደሞ አታሳንስ። ሁላችንም ሀኪም ፊት ስንቀመጥ እናሳንሳለን።

ስለ ኪኒኑ አጭር መልስ አለኝ፣ እንዳትወስደው። ፕሮፕራኖሎል ለኤሴንሻል ትሬመር ቀድመው ከሚታዘዙት መድሃኒቶች አንዱ ነው፣ ጓደኛህ ከሜዳ ያመጣው ወሬ አይደለም። ያንተ ጉዳይ ግን አስም ነው። የምትስበው ፓፍ የመተንፈሻ ቧንቧህን የሚከፍተው አንድ በር አንኳኩቶ ነው፣ ፕሮፕራኖሎል ያንን በር ይዘጋዋል፣ አስም ያለበትን ሰው ሊያፍነው ይችላል፣ በዛ ሰዓት ፓፉም እንደ ድሮው ላይሠራልህ ይችላል። ለአስመኛ የሚሆን ሌላ አማራጭ አለ፣ ለምሳሌ ፕሪሚዶን የሚባለው፣ እሱም ቢሆን በሀኪም ትእዛዝና በትንሽ መጠን ተጀምሮ ነው። ፋርማሲ ያለው ዘመድ ደግ ሰው ይሆናል፣ ግን ደረትህን አዳምጦ አያውቅም።

ፓፉን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ፓፍ ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል የሚባለው መድሃኒት ራሱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ የእጅ ጡንቻንም ስለሚነካ። ስትስብ የሚብስብህ ከሆነ ጻፈው፣ ግን ትንፋሽ አጥሮህ እጄ እንዳይርድ ብለህ እንዳትተወው። ሌሎችም አሉ፣ አንዳንድ የድብርትና የሚጥል በሽታ መድሃኒቶች እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲል እና አንዳንድ የአእምሮ ህመም መድሃኒቶች ደሞ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ። ጫትስ? አልጻፍክም፣ እኔም አልከስህም፣ ግን እሱም እንቅልፍ ማጣቱም እጅ ላይ ይወጣል።

የዓይን ቆብህና የእግርህ ነገር ሌላ ነው፣ እነሱን ከዚህ አውጣቸው። ቆብ ሲርገበገብ እኛ ቤት "እንግዳ ሊመጣ ነው" ይባል ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ድካም፣ ጭንቀትና ቡና የሚያመጣው ጥቃቅን የጡንቻ መርገብገብ ነው፣ ራሱ ይተዋል። እንቅልፍ ሊወስድህ ሲል እግር መዝለሉ ደሞ ብዙ ጤነኛ ሰው የሚያየው ነው፣ ከገደል የወደቅክ መስሎህ ትባንናለህ፣ ልጅ ሆነን "ልታድግ ነው" ይሉን ነበር አይደል። ስቅታም የዚሁ ዘመድ ነው። ነርቭ የሚገድል ብለህ ያነበብከው በሽታ ከመርገብገቡ ይልቅ በድካም ነው የሚታወቀው፣ እጅ ይዝላል፣ ጡንቻ ይሟሟል፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ቶንዶስ ይዘህ ነው የምትውለው።

ምርመራውን እንዲህ ጀምር። መጀመሪያ አካባቢህ ያለው ጤና ጣቢያ ሂድ፣ የጤና መድህን ካለህ ሪፈሩ ከዛ ነው የሚጻፍልህ። ላንተ ሰፈር ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አቃቂ ቃሊቲ ስለሆነ ሩቅ አይደለም፣ የነርቭ ሀኪም ካስፈለገ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለው፣ ወረፋው ትዕግስት ይፈልጋል። የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዝልህ ጠይቅ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞኑ ሲበዛ እጅ በቀጭኑ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሰው እየበላ ይከሳል፣ ሙቀት አይችልም፣ አንገቱ ላይ እብጠት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ እና ደስ የሚለው ነገር በደም ይታወቃል ይታከማል። ስኳር፣ ጉበትና ኩላሊትም ያዩልሃል። ከ40 ዓመት በታች ሰው ሲንቀጠቀጥ ሀኪሞች ሰውነት ውስጥ መዳብ የሚያጠራቅም አንድ በዘር የሚመጣ በሽታም ያስባሉ፣ ብርቅ ነው ግን ጉበትን ስለሚጎዳና መድሃኒት ስላለው ነው የሚፈልጉት። ለዛም ነው ስለ አረቄው እውነቱን መናገር ያለብህ፣ የጉበት ውጤትህ ሲመጣ ምን እንደሆነ እንዲገባቸው።

ከመሄድህ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ደብተር ያዝ። ጠዋት ቡናም መለኪያም ሳይቀመስ፣ ክንድህን ጠረጴዛው ላይ ሳታስደግፍ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ከመሃል ወደ ውጭ የሚዞር መስመር ሣል፣ በቀኝ አንድ በግራ አንድ፣ ቀኑን ጻፍበት። ከሰዓት በኋላ ድገመው። ስንት ሲኒ፣ ስንት መለኪያ፣ ስንት ሰዓት እንቅልፍ፣ ፓፍ ስበህ እንደሆነ ጎኑ ላይ ጻፍ። ሲኒ በውሃ ሞልተህ ስታነሳ ደሞ ጓደኛህ በስልክ ይቅረጽህ፣ እጅ እኮ ሀኪም ፊት ሲደርስ አንዳንዴ ጨዋ ይሆናል። እነዛን ወረቀቶች ይዘህ የገባህ ቀን ግማሹን ሥራ ሠርተህላቸዋል።

ይሄ ሁሉ ቀን ተቆጥሮ የሚደረግ ነው። ግን መንቀጥቀጡ ድንገት በአንድ ጎን ከመጣና ፊት ከተጣመመ ወይ ምላስ ከተሳሰረ፣ ወይ ራስህን ከሳትክ፣ ወይ ከብርድ ብርድና ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ከሆነ ደብተር የለም፣ የዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል።

ፀበሉን በተመለከተ እናትህን አትጣላት። ግባ፣ ልብህ ከፈለገ። ቤተክርስቲያንም በኤች አይ ቪ መድሃኒት ጊዜ ፀበልና መድሃኒት አይጣሉም ብላ ተናግራለች። የምለምንህ ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ አስምህ ብርድ ስለማይወድ ፓፍህ ኪስህ ይሁን፣ ሁለተኛ ደሞ አረቄውን በአንዴ አቁመህ ከቤተሰብ ርቀህ ለሁለት ሳምንት እንዳትገባ፣ ምክንያቱን ቅድም ነግሬሃለሁ።

እና ልጅቷ። ልንገራት ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ ምንም የማታውቅ አድርገህ ነው የጻፍከው፣ እሷ ግን ሁለቴ ሸቷታል። አሁን በእጇ ያለው ታሪክ "የማገባው ሰው ጠዋት ጠዋት ይጠጣል፣ ስጠይቀውም ይዋሻል" የሚል ነው። እውነቱ ከዚህ ይሻላል እኮ! እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው፣ አባቴም እንዲህ ነበር፣ ልታከም ነው፣ ብትላት ምን የሚከፋ ነገር አለው? ልትደነግጥ ትችላለች፣ ውሸቱ ደሞ ሊያማት ይችላል፣ "ለምን ያኔ አልነገርከኝም" ብላ ብታኮርፍህ መብቷ ነው፣ ሳትከላከል ስማት። በዘር የሚሄደው ዓይነት ከሆነ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል እስከ ግማሽ በግማሽ ይደርሳል፣ እሱንም ከሽማግሌ በፊት ብትሰማው ይሻላል፣ ልጆቿ ናቸውና። ቢቻል ሀኪም ጋ አብራህ ትሂድ፣ አንተ ደንግጠህ የማትሰማውን እሷ ትሰማልሃለች። ሽማግሌ የምትልክ ቀንስ እጅህ ቢርድ? የዛን ቀን የማይርድ እጅ ያለው ወንድ አይቼ አላውቅም።

ሥራህን አትተው እላለሁ፣ ምላጩን ግን ለጊዜው አስቀምጠው። እስክትታይ ድረስ ጺምና አንገት ጓደኛህ ይሥራ፣ አንተ ቶንዶስና ማበጠሪያ ላይ ሁን። ክርንህን ጎንህ ላይ አጣብቅ፣ ትንሿን ጣትህን የደንበኛው ጉንጭ ላይ አሳርፍ፣ አንዳንድ እጃቸው የሚርድ ሰዎች ከበድ ያለ ዕቃ ሲይዙ ይሻላቸዋል፣ እስቲ ሞክረው። ወረፋ በበዛ ቁጥር ይብስብህ የለ፣ ቅዳሜን ለሁለት አትከፋፈሉት ለሦስት፣ አንድ ልጅ ቅጠሩ። ይሄ ሁሉ እንዲሆን ግን ጓደኛህ ማወቅ አለበት፣ ኪኒን ላምጣልህ ያለህ ሰው መንቀጥቀጡን ያውቃል፣ አረቄውን ነው የማያውቀው። እሷ ካወቀች በኋላ እሱ ይቀልልሃል።

አዛውንቱን ሰፈር ውስጥ ካገኘሃቸው ደሞ አትሸሽ። "አባቴ እጄን እየታከምኩ ነው፣ የቀረውን ጓደኛዬ ይጨርስልዎት" በላቸው፣ ሂሳቡን እንደሆነ ከፍለዋል።